የፈረመው ከለከለ፣ ያልፈረመው ጠየቀ፦ የናይሮቢና የዳሬሰላም የሁለት ቀን የበረራ ውዝግብ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

የአፍሪካ አገሮች ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት (የአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው በነፃነት እንዲበር) የገቡት ቃል ምን ያህል እንደተፈጸመ የሚገመግም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ማን ፈረመ፣ ማን አልፈረመም ከሚል ዝርዝር ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው። ለአንድ የሥልጠና ክፍል የግምገማ ቅጽ ሳዘጋጅ የመጀመሪያው ዓምድ «ፈርሟል / አልፈረመም» የሚል ነበር፤ ትልቁን ነጥብ የያዘውም እሱ ነው። በዚያ ቅጽ ኬንያ በዚህ ዓምድ ሙሉ ነጥብ አገኘች። ታንዛኒያ ዜሮ።

ቅጹን ያሳየኋቸው አንድ አንጋፋ የአቪዬሽን ሕግ ባለሙያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጥቂት ካነበቡ በኋላ፣ «እስቲ ንገረኝ፤ ይህ ቅጽ የሚጠይቀው ማንን ነው? ውጭ ጉዳዩን ነው ወይስ ጭነት ይዞ የቆመውን ሰው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው የገባኝ በጃንዋሪ 2024 በእነዚሁ ሁለት ጎረቤቶች መካከል የሆነውን ከተከታተልኩ በኋላ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬንያ የታንዛኒያን አየር መንገድ የጭነት ፈቃድ ከለከለች፤ ታንዛኒያም በአጸፋ የኬንያ ኤርዌይስን የመንገደኛ በረራ እንደምታግድ አስታወቀች። ውዝግቡ የዘለቀው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። የተሰረዘ በረራ አልነበረም፤ ዜናውም በሳምንቱ ተረሳ። ለግምገማ ሥራ ግን ከብዙ ዓመት ሪፖርት የበለጠ አስተምሮኛል።

መነሻው፦ አንድ አየር መንገድ የነበራቸው አገሮች

ኬንያ፣ ኡጋንዳና የዛሬዋ ታንዛኒያ ከ1946 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ የሚባል አንድ የጋራ ድርጅት ነበራቸው። ድርጅቱ በ1977 ከቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ጋር አብሮ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ኬንያ ኤርዌይስና ኤር ታንዛኒያ ተቋቋሙ፤ ታንዛኒያም ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን የየብስ ድንበር ዘጋች፤ የተከፈተው በ1983 ነው። የሁለቱ አየር መንገዶች ልደት የፍቺ ልደት ነበር ማለት ይቻላል። ስለ «ብሔራዊ ሰንደቅ ተሸካሚ»፣ ማለትም ስለ አገር አየር መንገድ፣ በሁለቱም አገሮች የሚሰማው ስሜት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይህን ማወቅ ይበጃል።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ኬንያ ኤርዌይስ በ1996 ወደ ግል ሲዞር የሆላንዱ ኬኤልኤም 26 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ ናይሮቢም የክፍለ አህጉሩ ትልቅ የመንገደኛና የጭነት ማዕከል ሆነች። ኤር ታንዛኒያ በ2002 ከደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ጋር በ49 በመቶ ድርሻ ተሻረከ፤ ሽርክናው በ2006 አበቃ፤ ድርጅቱም ለዓመታት ከስም በላይ አልነበረም። የታንዛኒያ መንግሥት ከ2016 ጀምሮ አውሮፕላን በተከታታይ እየገዛ እንደገና አቆመው። በ2023 አጋማሽ ደግሞ አንድ የጭነት ቦይንግ 767 ተረከበ። ለዚህ ታሪክ ዋናው ይህ አውሮፕላን ነው። ሰፊ የጭነት አውሮፕላን ከዳሬሰላም ብቻ ጭነት ጠብቆ አያዋጣም፤ ወይ መንገድ ላይ የሚጭንበት ከተማ ያስፈልገዋል፣ ወይ መሬት ላይ ይቆማል።

በሥራ ላይ ያለው ደንብ

ዓለም አቀፍ በረራን የሚገዛው የ1944 የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 6 ማንኛውም መደበኛ ዓለም አቀፍ በረራ የሚደረገው በተቀባዩ አገር ልዩ ፈቃድ ነው ይላል። በዚህ የተነሳ አገሮች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሁለትዮሽ የአየር አገልግሎት ስምምነት ይፈራረማሉ። ስምምነቱ ማን እንደሚበር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ ከተሞች መካከልና በምን መብት እንደሆነ ይወስናል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ያለው ከኋላ በተያያዘው አባሪ ውስጥ ነው፤ ያቺን ገጽ ሳይገልጡ ስምምነቱን አነበብኩ ማለት አይቻልም።

የአፍሪካ አገሮች ይህን ጥንድ ጥንድ ድርድር ለመሻር በኖቬምበር 1999 በኮትዲቯር ከተማ ስም የሚጠራውን የያሙሱክሮን ውሳኔ አጸደቁ፤ ውሳኔው በ2000 ጸና። የሚገርመው፣ የአዲሱ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውል አሩሻ ላይ የተፈረመውም በዚያው ወር ነው። ውሳኔው በአፍሪካ ውስጥ ለሚደረጉ በረራዎች እስከ አምስተኛው የትራፊክ መብት ይፈቅዳል፣ የምልልስና የመቀመጫ ገደብን ያነሳል፣ ታሪፍንም ከመንግሥት ማጽደቂያ ያወጣል። አንቀጽ 2 ደግሞ ከውሳኔው ጋር የሚጋጭ የሁለትዮሽ ስምምነት ቢኖር የሚጸናው ውሳኔው ነው ይላል። በአገር ውስጥ ከተሞች መካከል መብረር ግን አልተካተተም።

አምስተኛው መብት የሚባለው ምን እንደሆነ በዚሁ አውሮፕላን ላይ እናየዋለን። የታንዛኒያ የጭነት አውሮፕላን ከዳሬሰላም ተነስቶ ናይሮቢ ያርፋል። ከዳሬሰላም ያመጣውን ማራገፍ ሦስተኛው መብት ነው፤ ከናይሮቢ ወደ አገሩ መጫን አራተኛው። ናይሮቢ ላይ የኬንያን ጭነት ጭኖ ወደ ሌላ ሦስተኛ አገር ከቀጠለ ግን አምስተኛውን እየተጠቀመ ነው። የኬንያ አበባ በታንዛኒያ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ገበያ ሲሄድ የናይሮቢ አጓጓዥ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም።

የያሙሱክሮ ውሳኔ ለዓመታት ወረቀት ላይ ስለቀረ በ2015 አሥራ አንድ አገሮች ያለ ቅድመ ሁኔታ እንፈጽማለን ብለው ቃል ገቡ፤ ኬንያ አንዷ ናት። በጃንዋሪ 2018 አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ ውሳኔውን በተግባር ለማዋል የታሰበው ነጠላው የአፍሪካ አየር ትራንስፖርት ገበያ በ23 አገሮች ተመረቀ፤ ኬንያ እዚያም አለች። በኋላ የፈራሚዎቹ ቁጥር ከ30 አለፈ። ታንዛኒያ ግን ውዝግቡ እስከተነሳበት ጊዜ ድረስ ነጠላውን ገበያ አልተቀላቀለችም ነበር። በቅጼ ላይ የነበረው ዜሮ የመጣው ከዚህ ነው።

የተፈጠረው ችግር

በጃንዋሪ 15፣ 2024 የታንዛኒያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። ኬንያ ኤርዌይስ ከናይሮቢ ዳሬሰላም መንገደኛ እንዲያመላልስ የተሰጠው ፈቃድ ከጃንዋሪ 22 ጀምሮ ተሰርዟል ይላል። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ኤር ታንዛኒያ ከናይሮቢ ወደ ሦስተኛ አገሮች በአምስተኛው መብት ጭነት ብቻ ለማጓጓዝ ያቀረበውን ጥያቄ የኬንያ ባለሥልጣናት አልተቀበሉም፤ ይህም ሁለቱ አገሮች በኖቬምበር 2016 ናይሮቢ ላይ የተፈራረሙትን የመግባቢያ ሰነድ ክፍል 4 ይጥሳል፤ ስለዚህ የተወሰደው የአጸፋ እርምጃ ነው።

ማስታወቂያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ነጠላውን ገበያ የፈረመችው አገር መብቱን ከልክላለች፤ ያልፈረመችው ደግሞ ይሰጠኝ ብላለች። ሁለተኛ፣ ታንዛኒያ የጠቀሰችው የያሙሱክሮን ውሳኔ አይደለም። ሁለቱም አገሮች ከ2000 ጀምሮ በውሳኔው የታሰሩ ሆነው ሳለ፣ ጭቅጭቁ ሲመጣ እጅ የገባው የሁለትዮሽ ሰነድ ነው። ሃያ አራት ዓመት የቆየ አህጉራዊ ውሳኔ ባለበት፣ ባለጉዳዮቹ የሰባት ዓመቱን የሁለት ሰው ወረቀት አነሱ። ሦስተኛ፣ የተከለከለው ጭነት ነው፤ የተቀጣው መንገደኛ።

ለኬንያም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ማስታወቂያው «ሦስተኛ አገሮች» ይላል እንጂ የትኞቹ እንደሆኑ አይዘረዝርም። መድረሻው ሌላ የአፍሪካ ከተማ ከሆነ የያሙሱክሮ ውሳኔ ይሸፍነዋል፤ አውሮፓ ወይም እስያ ከሆነ አይሸፍነውም፣ ምክንያቱም ውሳኔው የሚናገረው በአፍሪካ ውስጥ ስለሚደረግ በረራ ብቻ ነው። የጭነት ንግዱ ትርፍ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ከአህጉሩ ውጭ ነው። ስለዚህ «ኬንያ አህጉራዊ ቃሏን አፈረሰች» ብሎ ለመደምደም የማመልከቻውን የመንገድ ዝርዝር ማየት ይጠይቃል። ብዙ አስተያየት ሰጪዎች ይህን ልዩነት ዘለው አለፉ። እኔም መጀመሪያ ላይ ዘልዬው ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በዚያው ቀን የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ኃላፊዎች ተነጋግረው፣ የአቪዬሽን ባለሥልጣኖቹ ጉዳዩን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲፈቱት መስማማታቸው ተነገረ። ሦስት ቀን አልፈጀም። በማግስቱ ኬንያ ለኤር ታንዛኒያ የጭነት ፈቃዱን ሰጠች፤ ታንዛኒያም እገዳውን አነሳች። ጃንዋሪ 22 ሳይደርስ ጉዳዩ ተዘጋ።

የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ኬንያ ዓለም አቀፍ በረራ ስትከፍት መንገደኞቻቸው እንዲገቡ በፈቀደችላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ታንዛኒያን አላስገባችም። ታንዛኒያ ወዲያው ኬንያ ኤርዌይስን አገደች፤ ቀጥላ ሌሎች ሦስት የኬንያ አየር መንገዶችን ጨመረች። ኬንያ በሴፕቴምበር ዝርዝሩን ስታስተካክል እገዳው ተነሳ። ያኔ ከወር በላይ የፈጀው በ2024 ሁለት ቀን ፈጀ። የአሠራሩ ቅርጽ ግን አንድ ነው፦ ክልከላ፣ አጸፋ፣ የስልክ ንግግር፣ ፈቃድ።

የሠራውና ያልሠራው

የሁለትዮሽ ሰነዱ ሠርቷል። ክፍል 4 ተብሎ በጣት የሚጠቆም ቦታ ነበረው፤ ጠያቂውም ምን እንደጠየቀ፣ ከልካዩም ምን እንደከለከለ በግልጽ ይታወቅ ነበር። የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠቱም ጠቅሟል። ትኬት የቆረጠ ሰው አየር ማረፊያ ደርሶ አልተመለሰም፤ ለንግግርም ጊዜ ተገኘ። በ2020 ይህ አልነበረም።

ያልሠራው አህጉራዊው መዋቅር ነው። የያሙሱክሮ ውሳኔ ክርክር ሲነሳ በመጀመሪያ በድርድር፣ ካልሆነ በግልግል እንዲፈታ መንገድ አስቀምጧል። የማስፈጸም ሥራው በ2007 በአስፈጻሚ ኤጀንሲነት ለአፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ኮሚሽን ተሰጥቷል፤ መቀመጫው ዳካር ነው። የውድድርና የተጠቃሚ ጥበቃ ደንቦችም ወጥተዋል። ውዝግቡ በይፋ ሲነሳና ሲዘጋ ግን ዳካርን ያነሳ አልነበረም። አንድ ሰው «በሁለት ቀን ለተፈታ ነገር ዳካር ምን ይሠራል?» ሊል ይችላል። ልክ ነው። ችግሩ አጸፋ የሚሠራው የሚዘጋ ነገር በእጁ ላለው ብቻ መሆኑ ነው። ታንዛኒያ የምትዘጋው ብዙ ምልልስ ያለው የናይሮቢ መስመር ነበራት። በጎረቤቷ አየር መንገድ ላይ ጥገኛ የሆነች፣ የራሷ አየር መንገድ የሌላት አገር በዚያ መንገድ ብትሄድ የምትዘጋው የራሷን መውጫ ነው።

ሌላም ያልሠራ ነገር አለ፤ ክፍለ አህጉራዊው መንገድ። ሁለቱም የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ነገር ግን ኬንያ በኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ውስጥ ስትሆን ታንዛኒያ በ2000 ከኮሜሳ ወጥታ በሳድክ (የደቡብ አፍሪካ ክፍለ አህጉር የልማት ማኅበረሰብ) ውስጥ ናት። ኮሜሳ የራሱን የአየር ገበያ ነፃ የማድረግ ደንብ በ1999 አውጥቶ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ የውድድር ተቆጣጣሪ አካል እስኪቋቋም በሚል ዘገየ። ጎረቤቶቹ በተለያየ ማዕድ ስለሚቀመጡ የጋራ ዳኛ የላቸውም። አውሮፓውያን በ1987፣ በ1990 እና በ1992 በሦስት ዙር ገበያቸውን ሲከፍቱ ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ አገር እምቢ ሲል የሚከስ ኮሚሽንና የሚፈርድ ፍርድ ቤትም ነበራቸው። በ1997 አንዱ በሌላው አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ እስከ መብረር ደረሱ። እኛ ጋ ቃሉ አለ፤ ከሳሹ የለም።

ከእኛ ወገን ሲታይ

ይህን ጉዳይ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያነብ ሰው ከዳኝነት ወንበር ላይ ባይቀመጥ ጥሩ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአህጉሩ ትልቁ ስለሆነ፣ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከማንም በላይ ይጠቀማል። በ2010 ሥራ በጀመረው፣ መቀመጫው የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ በሆነው አስካይ አየር መንገድ ውስጥ ድርሻ አለው፤ በማላዊና በዛምቢያም በሽርክና ገብቷል። ከአዲስ አበባ በሎሜ በኩል አሜሪካ ኒውዋርክ የሚሄደው በረራ ከሎሜ የሚሳፈረውን የሚጭነው በዚያው በአምስተኛው መብት ነው። ቶጎ ይህን የሰጠችው ሎሜን ማዕከል ለማድረግ ስለፈለገች ነው፤ ጥቅሟን አስልታ። ናይሮቢ ግን ማዕከልነቱን ቀድማ ስለያዘች ሌላው እንዲጭንባት ማድረግ ለእሷ ኪሳራ ነው የሚመስላት። ስለዚህ አንድ አገር አምስተኛውን መብት ሲከለክል «ጠባብነት» ብሎ ከማለፍ በፊት፣ የሚያጣው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጥቅሙ ግን የታየ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካና ኬንያ ስምምነታቸውን ሲያላሉ በመካከላቸው ያለው የመንገደኛ ቁጥር 69 በመቶ አደገ። ከጆሃንስበርግ ሉሳካ አንድ ርካሽ አየር መንገድ ሲፈቀድለት ቅናሽ ትኬት በ38 በመቶ ወረደ፤ መንገደኛውም በዚያው መጠን ጨመረ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር በ2014 ያስጠናው ጥናት፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ጋር ለዘብ ያለ ስምምነት ባላት መስመሮች ላይ ታሪፍ ከ10 እስከ 21 በመቶ ያነሰ፣ ምልልስ ደግሞ ከ35 እስከ 38 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከፈራሚዎች ዝርዝር ሳይሆን በአንድ በተወሰነ መስመር ላይ ምን ተለወጠ ከሚል ጥያቄ ነው።

በቅጹ ላይ የተለወጠው

ቅጹን እንደገና ስሠራ የመጀመሪያው ለውጥ የመመዘኛው አሃድ ነበር። አገርን መመዘን ትቼ መስመርን መመዘን ጀመርኩ። «ኬንያ» ብሎ ነጥብ መስጠት አይቻልም፤ «ናይሮቢ–ዳሬሰላም፣ ጭነት» ብሎ ግን ይቻላል። አንድ አገር ለአንዱ ጎረቤት ክፍት፣ ለሌላው ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ለመንገደኛ ለጋስ ሆኖ ለጭነት ቆጣቢ ሊሆንም ይችላል።

ፊርማው በቅጹ ላይ ቀርቷል፤ ነጥብ ግን የለውም። ነጥብ የሚሰጠው ከፊርማው በኋላ ላለው ነው። የሁለትዮሽ ስምምነቱ አባሪ በአዲሱ ቃል መሠረት ተሻሽሏል ወይ? የተሰየመ (አገሩ በስምምነቱ እንዲበር የመረጠው) አየር መንገድ ጥያቄ አቅርቧል? ከጥያቄ እስከ መልስ ስንት ቀን ፈጀ? መልሱ እምቢ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ተሰጠ? ፈቃድ ከተገኘ በኋላ አውሮፕላኑ በርግጥ በረረ? በእነዚህ መካከል ትልቁን መረጃ የሚሰጠው የቀኑ ቆጠራ ነው። በግልጽ የሚከለክል ባለሥልጣን ጥቂት ነው፤ ብዙው መልስ ሳይሰጥ ዝም ይላል፣ ዝምታ ደግሞ በሪፖርት ላይ «ክልከላ የለም» ተብሎ ይመዘገባል።

ከመብቱ ውጭ ያሉ እንቅፋቶችንም ለብቻ አስቀመጥኩ፤ ከመብቱ ጋር ሲደባለቁ ተጠያቂው ይጠፋልና። መብት ተሰጥቶ በትኬት ላይ የሚጨመረው ታክስና የአየር ማረፊያ ክፍያ መስመሩን ሊገድለው ይችላል። የኤኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ) መሪዎች በ2024 መጨረሻ በአየር ትራንስፖርት ላይ ያሉ ታክሶችን ለማንሳትና ክፍያዎችን በ25 በመቶ ለመቀነስ የወሰኑት ይህን አይተው ነው። የትኬት ሽያጭ ገንዘብን ከአገር ማውጣት አለመቻልም ሌላው ነው። በ2023 ናይጄሪያ ውስጥ የታሰረው የአየር መንገዶች ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር፤ የእኛም አገር በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት መካከል ነበረች። ቪዛም አለ፦ ነጠላው ገበያ በተመረቀበት በዚያው ጉባኤ የጸደቀው የሰዎች የነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ለመጽናት 15 አገሮች ሊያጸድቁት ሲገባ፣ እስካሁን ያጸደቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ቅጹ አሁንም የማይመልሰው ነገር አለ። የመግባቢያ ሰነዶችና አባሪዎች በአብዛኛው በይፋ አይታተሙም። የናይሮቢና የዳሬሰላም የ2016 ሰነድ መኖሩን ብዙው ሰው ያወቀው ታንዛኒያ ተናዳ ክፍል 4ን ስትጠቅስ ነው። ሰነዶቹ በሰላም ጊዜ የሚታዩበት መዝገብ እስካልኖረ ድረስ ገምጋሚው የሚያያቸው ጎረቤታሞች ሲጣሉ ብቻ ነው።

አዲሱን ቅጽ ለእነዚያ አንጋፋ ባለሙያ ይዤላቸው ሄድኩ። «ናይሮቢ–ዳሬሰላም፣ ጭነት፣ አምስተኛ መብት» በሚለው ረድፍ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። ሁለትዮሽ ሰነድ፦ አለ። ጥያቄ፦ ቀርቧል። የመጀመሪያ መልስ፦ እምቢ። ሁለተኛ መልስ፦ እሺ፣ በጃንዋሪ 16። «መብቱን ያስከበረው ማን ነው?» ከሚለው ዓምድ ሲደርሱ «የአጸፋ እርምጃ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከጎኑ «አስፈጻሚ ኤጀንሲው ምን አደረገ?» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። በሰረዝ ልሙላው ብዬ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ያዙኝና፣ «ተወው፤ ባዶውን ይታይ» አሉኝ።